ለልጄ ፈልጌዋለሁ

ፍቅር ሜትር ይዞ ይመጣል ብሎ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ መጽሐፍ ጠራዧ ከት ብላ ትስቅበት ነበር። የመጣው ግን እንደዚያው ነው። የአከራይዋ አንድያ ልጅ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ዝምተኛው» እያለ የሚጠራው አናጺ፣ ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በሯን ያንኳኳና «ይቅርታ፣ ግድግዳውን ልለካ ነበር» ይላታል። ግባ ትለዋለች። ይገባል፤ ይለካል፤ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ቁጥር ይጽፋል። ከዚያ ዓይኑ ሳያስበው ከሜትሩ ላይ ይነሣና እሷ ላይ ያርፋል። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ይደነግጥና ያንኑ ግድግዳ እንደገና ይለካዋል። ግድግዳ በሳምንቱ እንደማይረዝምና እንደማያጥር ጠራዧ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ደስ ስላላት ነው ዝም ያለችው።

ቤቷ በአናጺው እናት ግቢ ውስጥ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። በአንዱ ክፍል ትኖራለች፣ በሌላው መጻሕፍት ትጠርዛለች። ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት፣ ቅጠሉ የረገፈ የጸሎት መጽሐፍ፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም እሷ ጋ ይመጣል። ክር፣ መርፌ፣ ሙጫ፣ አንድ የብረት መጭመቂያና የማታርፍ ግራ እጅ ነው ያላት ሀብት። ቅዳሜ ሲሆን ግን ሙጫ የነካካውን ሽርጥ ታወልቅና ሰማያዊውን ሻሽ ታስራለች። ለማን ነው ብላ ራሷን ስትጠይቅ «እንዲያው አየሩ ደስ ስላለኝ ነው» ብላ ለራሷ ትመልሳለች። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዲህ ያምርበታል።

እንዲህ እያለች ሳለ ነው አንድ ቀን ረፋድ ላይ እናትየው ራሳቸው የመጡት።

«እንደምን አረፈድሽ ልጄ፤ ሥራ አስፈታሁሽ መሰለኝ?»

«ኧረ ይግቡ እትዬ! ወንበሩ ላይ ያለውን ላንሣልዎት።»

«ተይው፣ አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ ወሬ ይጥመኝና የመጣሁበትን እረሳዋለሁ።»

እትዬ መጥፎ ሴት አይደሉም። ጠራዧ የታመመች ጊዜ ሾርባ ይዘው አልጋዋ ጎን ተቀምጠው የዋሉ እሳቸው ናቸው። ግን «ተከራይ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ቢወደድም ይሸኛል» የምትል አነጋገር አለቻቸው፤ ጠራዧ ወደዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ደጋግማ ሰምታታለች። አሁን ደግሞ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ፣ እያፈሩ እያፈሩ ተናገሩት።

«ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ።»

ጠራዧ መርፌውን ያዝ አድርጋ ቀረች። «ለ... ለእሱ?»

«ጎጆ ሊወጣ ነው! ሲለካ አላየሽውም? ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ግድግዳ የሚለካ ወንድ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? አልጋው የት ይግባ፣ ቁም ሣጥኑ የት ይቁም ነው እንጂ። እኔን አፍ አውጥቶ አይጠይቀኝም፤ ቁርጥ አባቱን ነው። ግን እናት አይደለሁም እንዴ? ገባኝ።» ድምጻቸውን ቀነስ አደረጉ። «ወንድ ልጅ ደግሞ ብቻውን ጎጆ አይወጣም። ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ግን አለች። ከሰሞኑ ሹራቡን እንኳ እየመረጠ ነው የሚለብሰው።»

ጠራዧም ሹራቡን አይታለች። ያየችውን ሁሉ ግን ለራሷ እንደሚጥማት ተርጉማው ነበር።

«መቼ ልልቀቅልዎት?» አለች። ድምጿ ደህና መውጣቱ እሷንም ገረማት።

«ቀስ ብለሽ፤ አላጣድፍሽም። ሕግም አለው፤ ቤት ኪራይ ቢሮ ቀርበን፣ እሱም እዚያው በአፉ ኖርበታለሁ ብሎ ነው የሚያልቀው። እስከዚያ ግን ለእሱ እንዳትነግሪው፣ አደራ! እዚያ ሲደርስ ድንገት ሲሰማ ፊቱን ማየት ነው የምፈልገው።»

«አደራዎን እጠብቃለሁ እትዬ።»

እናትየው ግንባሯን ስመዋት ወጡ። ጠራዧ በሩን ዘጋችና ሰማያዊውን ሻሽ ከተሰቀለበት አውርዳ ከሣጥኑ ሥር ከተተችው። ቤቱን ማጣቷ ኋላ ያስለቅሳት ይሆናል። ለጊዜው ያቃጠላት ኀፍረቱ ነበር፤ ለሌላ ሴት በሚለካ ግድግዳ ሥር ተውባ መቀመጧ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝምተኛው እንደ ልማዱ መጣ። ጠራዧ ሙጫ የነካካውን ሽርጥ እንዳሸረጠች፣ ፊቷን ቅጭም አድርጋ ከፈተችለት።

«እንደምን ዋሉ» አለችው።

ሰውዬው ከኋላው ሌላ ሰው መጥቶ እንደሆነ ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም። «ለእኔ ነው እንዴ?»

«ለእርስዎ ነው። የቤቱ ባለቤት ልጅ አይደሉም?»

«እሱስ ነኝ፤ ግን... ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ይለኩ።»

ሜትሩን ዘረጋ። ጠራዧ ጀርባዋን ሰጥታው እየሰፋች ነበር፤ አላስችል አላትና ቀና ሳትል ጠየቀችው። «ምንድን ነው የሚሠሩት?»

ይህ ጥያቄ ከሌላ ሰው የመጣ ቢሆን በሳቅ ያልፈው ነበር። በአባቱ ወርክሾፕ አንድ ሕግ አለ፤ ያላለቀ ዕቃ አይወራም። አባትየው እንጨት ሲወራበት ይጣመማል ይሉ ነበር፤ ልጃቸውም በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባለ ነው ያደገው። ደንበኛ ከፍሎበት የሚያሠራውን ወንበር እንኳ ሳያልቅ አያሳይም።

«ሲያልቅ ታይዋለሽ» አለ፤ ጆሮው እስኪቀላ እያፈረ።

«ሲያልቅማ እኔ እዚህ የለሁም።»

«የት ልትሄጂ?»

አደራውን ማፍረስ አትችልም። ሳታፈርስም ልቧን መደበቅ አለባት። «ሌላ ቤት አግኝቻለሁ» ብላ ዋሸች። «ከዚህ ይሻለኛል።»

ሜትሩ ከእጁ ሾልኮ ተጠቅልሎ ገባ። «ግድግዳውስ?» አለ፤ ሰው ሲደነግጥ የሚናገረው አይታወቅም።

«የዚያኛው ቤት ቀጥ ያለ ነው። የዚህኛው ጥግ ጠማማ ነው፤ ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ» አለ። «ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።»

ወጣ። በግቢው ውስጥ የእርምጃው ድምፅ ሲርቅ ሰማችው። ሮጣ ጠርታው «እሷ ማናት?» ብላ ልትጠይቀው ፈለገች። ግን በምን መብቷ? ተከራይ አይደለች? መርፌዋን አንሥታ ቀጠለች። እሱም ከግቢው በር ወዲያ ቆሞ፣ ይህች ሴት ቀድሞውንም ልትሄድ የተነሣች ናት፣ የሆንኩት ሁሉ ብቻዬን ነው እያለ ሆድ ብሶታል። ሁለት ሰው በአንድ ግቢ ውስጥ እንዲህ ተራርቆ አያውቅም።

የቤት ኪራይ ቢሮው ጠባብ ነበር። አራት ወንበር ገብቶበት አምስተኛው ቢጨመር በሩ አይዘጋም። ኃላፊዋ መነጽሯን በማሰሪያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ የሰው ጭቅጭቅ መስማት የሰለቻት ሴት ናት። እናትየው የክት ልብሳቸውን ለብሰው ሠርግ የተጠሩ መስለው ተቀምጠዋል። ዝምተኛው የመጣው «ፈርም የሚሉህ ነገር አለ» ተብሎ ነው። ጠራዧ ልትሄድ ስለሆነ ውሉ የሚፈርስበት መስሎታል፤ ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሣም። እሷ ደግሞ ልትከራከር ትችል ነበር። ለማስለቀቅ የሚበቃ ምክንያት መኖሩ ይጣራልኝ ማለት መብቷ ነው። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ መጥታለች፤ በገዛ አፉ ሲል ሰምታ ትቁረጥ።

«እናትህ ቤቱን ለአንተ መኖሪያ ፈልገውታል» አለች ኃላፊዋ ወደ ዝምተኛው ዞራ። «ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። ግን ስንቱ ለልጄ ነው እያለ ሰው አስለቅቆ በማግሥቱ በደህና ዋጋ ለሌላ ያከራየዋል። ስለዚህ ከአንተ አፍ መስማት አለብኝ። ተከራይዋ ብትወጣ ቤቱን ልትኖርበት ነው?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ዝምተኛው የራሱን ሠርግ ከሰው ሁሉ መጨረሻ ሰማ።

«በል እንጂ፣ አትፈር!» አሉ እናቱ፣ በክርናቸው ጎሸም አድርገውት። «ሁሉንም አውቄዋለሁ። ይዘሃት ግባ፤ መርቄልሃለሁ።»

እሱ ግን ወደ ጠራዧ ዞረ። «አስወጥተውሽ ነው? ሌላ ቤት አግኝቻለሁ ያልሽኝስ?»

«አላገኘሁም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አደራ ተብዬ። ደግሞስ ሙሽራ ሊያስገባ የተዘጋጀን ሰው ምን ብዬ...»

«የምን ሙሽራ?»

«እናንተ ሰዎች፣ ይህ ቢሮ ነው» አለች ኃላፊዋ፤ መነጽሯን ግን አጠለቀች። «ትኖርበታለህ ወይስ አትኖርበትም?»

ነገሩ አጭር ጥያቄ ነበር፤ መልሱ ግን በሁለት ወገን የተሳለ ቢላ ነው። አዎ ካለ ጠራዧ ትወጣለች። አይደለም ካለ እናቱ በባዕድ ፊት ውሸታም ሆነው ይቀራሉ። እኒያ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ማንም ቀና ብሎ ያልተናገራቸው ሴት። ጠራዧ ግንባሩ ሲያልበው አየች፤ ተናድዳበት እንኳ አንጀቷን በላው።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አለ። «ቤቱን ለመኖሪያ አልፈለግኩትም።»

የእናትየው ፈገግታ ቀስ ብሎ ከሰመ። «ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትለካው ምንድን ነው?»

አባቱ በመቃብራቸው ውስጥ ሆነው የሚያዳምጡት ይመስል ወደ መሬት አየ። ከዚያ አየር ሳብ አድርጎ ተናገረ።

«ጠረጴዛ ነው። የሥራ ጠረጴዛ። ገና አላለቀም።»

እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ልጃቸው ያላለቀ ዕቃ ሲያወራ ሰምተው አያውቁም።

«የዚያ ቤት ጥግ ጠማማ ነው» ብሎ ቀጠለ፤ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ አልነበረውም። «ጠረጴዛውም እንደ ጥጉ ተጣሞ ነው የተሠራው፤ ሌላ የትም አይገጥምም። መሳቢያዎቹን በግራ አድርጌያቸዋለሁ፤ በግራ እጇ ነው የምትሠራው። ቁመቱን ከፍ አድርጌዋለሁ። አሁን ባለው ላይ አጎንብሳ ስትሰፋ ትቆይና ስትነሣ ወገቧን ትይዛለች፤ ማንም የማያያት መስሏት። መጭመቂያው የሚያርፍበት ጋ እግሩን አወፈርኩት። ጠርዙን ሁሉ ደጋግሜ በአሸዋ ወረቀት አሸሁት፤ ክሯን እንዳይዝባት።»

«እሺ» አለች ኃላፊዋ፤ ሥራዋ እንዳልሆነ ረስታዋለች። «ግን አንድ ግድግዳ ስንት ጊዜ ይለካል?»

«ልኩንማ የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት» አለ ዝምተኛው። «ሌላ ጊዜ የለካሁት... እንድገባ ነው።»

ጠራዧ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አጣብቃ ያዘች። እነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች የእሷ ነበሩ።

እናትየው ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩት ትኩር ብለው አዩት። «አባትህ ያላለቀ ዕቃ ሲያወራ የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው» አሉ በቀስታ። «ሳያገባኝ በፊት።» ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ዞሩ። «የኔ እመቤት፣ ማመልከቻዬን መልሺልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ልጅቷ ትቀመጥ፤ ቤቷ ነው።»

«ጥሩ። እንግዲህ ተከራይዋ ትቆያለች» አለች ኃላፊዋ፤ እስክሪብቶዋን አነሣች።

ሁሉም ፈገግ ብለው ወደ ጠራዧ ዞሩ።

«አልቆይም» አለች።

የዝምተኛው ፊት ዐመድ መሰለ። «ምን አልሽ?»

«እወጣለሁ። እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ዛሬ እዚያ ቤት ተቀምጬ ለልጅዎ አንዲት ደግ ቃል ብናገር፣ ለቤቱ ብላ ነው እባላለሁ። ሰፈሩ ቢተወኝ እርስዎ አይተዉኝም፤ እርስዎ ቢተዉኝ እሱ አንድ ቀን ቅር ባለው ጊዜ ያስበዋል። እሱ እንኳ ባያስበው እኔ አስበዋለሁ። ተከራይ ሆኜ እምቢ ለማለት እፈራለሁ፤ እሺ ለማለት ደግሞ አፍራለሁ። እንዲህ ሆኖ ሰው ይወደዳል?»

ስትነሣ እጇ እጁን ለመንካት ትንሽ ቀርቶት ነበር። አልነካችውም፤ ግን መንገዱን ሁሉ የነካችው ያህል እጇ ሞቃት ነበር።

ቤት መፈለግ ቀላል አልነበረም። ሰፊውን ስታገኝ ሙጫ ይሸታል ይሏታል፣ ሙጫውን የቻለው ቤት ደግሞ መጭመቂያዋን አያስገባም። በመጨረሻ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል አገኘች። መስኮቷ ትንሽ፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ግን ማንም ለማንም ያልለካት ክፍል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዝምተኛው በሯን አላንኳኳም። የፈለገችው ይህን እንደሆነ ገብቶታል። አንዳንድ ጠዋት ግን ደጃፏ ላይ ለመጠቅለያ የሚሆን አሮጌ ጨርቅና ገመድ ተቀምጦ ታገኛለች። ገመዱ የወርክሾፕ ገመድ ነው፤ ትስቅና ታለቅስ ነበር።

የመውጫዋ ቀን ጋሪ መጥቶ ግቢው ውስጥ ቆመ። ባለጋሪው ችኩል ሰው ነው፤ መጻሕፍቱን ገና ሲያይ «ይሄ ሁሉ ይነበባል?» ብሎ ተማርሯል። መጭመቂያውን ያለማንም እርዳታ አቅፎ ያወጣው ዝምተኛው ነው። ጋሪው ላይ አስቀምጦት ላቡን ሳይጠርግ እዚያው ቆመ።

እትዬ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ጠራዧ ሄዳ ቁልፉን ዘረጋችላቸው።

«አልቀበልም» አሉ፤ እጃቸውን ከሻርፓቸው ሥር ደብቀው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ስለምን እቀጣለሁ? ተመለሽ ብያለሁ።»

«እትዬ፣ ይቀበሉኝ። ቁልፍዎ እጄ ላይ ሳለ ልቤን መናገር አልችልም።»

አሮጊቷ ብዙ አዩዋት። ምን ያህል ዘመን በዚህ ግቢ ስትወጣ ስትገባ አይተዋታል፤ እንዲህ ዓይኗን ሳትሰብር ስታያቸው ግን የመጀመሪያዋ ነው። እጃቸው ከሻርፓቸው ሥር ወጣና ቁልፉን ያዘ።

«ከአሁን በኋላ ተከራይዎ አይደለሁም?»

«አይደለሽም» አሉ፤ ሆድ ብሷቸው።

ጠራዧ ዞረች። ዝምተኛው ጋሪው አጠገብ እንደ ቆመ ነው። ሰማያዊውን ሻሽ ማሰሯን ያየው ገና አሁን ይመስል ዓይኑን መንቀል አቃተው።

«እንግዲህ» አለችው፤ «የምትለው ካለህ በለው። አሁን የሚከለክለኝ የለም። አልፈልግም ካልኩ አልፈልግም ነው።»

አንተ ስላለችው ብቻ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ብዙ ቃል የለኝም» አለ። «የነበረኝን ሁሉ ቢሮ ጨረስኩት። እወድሻለሁ። ቤት ቢኖርሽም ባይኖርሽም፣ እዚህ ብትሆኚም ሌላ አገር ብትሄጂም እወድሻለሁ። አግቢኝ።»

ስትፈራው የነበረውን ነገር፣ እሺታዋ ከውለታ ጋር መቀላቀሉን፣ ወደ ልቧ ገብታ ፈለገችው። አልነበረም። ያገኘችው እሱን ብቻ ነው።

«እሺ» አለች። «አገባሃለሁ።»

እትዬ ከበረንዳው እየተንደረደሩ ወረዱ። «አውርድ!» ብለው ባለጋሪው ላይ ጮኹበት። «አንተ ሰውዬ፣ ዕቃውን ሁሉ አውርድ! ልጄ ወደ ቤቷ ተመልሳለች!»

ባለጋሪው መጭመቂያውን ያዘ። «ቁርጡን ንገሩኝ። ልጫን ወይስ ላውርድ?»

«አታውርድ» አለች ጠራዧ። «እንሄዳለን።»

እናትየው ክው አሉ። «አሁን እሺ አላልሽም እንዴ? እሺ ብለሽ ትሄጃለሽ?»

«እሺ ስላልኩ ነው የምሄደው እትዬ።» ቀረበችና ትከሻቸውን አቀፈች። «ተከራይ እንግዳ ነው፣ ይሸኛል ይሉ አልነበር? ሸኙኝ። ከቤታችሁ ወጥቼ በራሴ ቤት ልቀመጥ፤ ያን ጊዜ እርስዎ ራስዎ ከቤቴ መጥተው ይውሰዱኝ። ልጅዎ ሆኜ እንጂ ተከራይዎ ሆኜ አልመለስም።»

ዝምተኛው ገመዱን አጠበቀና የጋሪውን ጎን ይዞ ለጉዞ ተሰናዳ፤ ፊቱ ግን በርቷል።

እትዬ ቁልፉን ጨበጡት። ኩራታቸውን ሲውጡት ጠራዧ አየች። ከዚያ በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ ማንንም ለምነው በማያውቁ ሴት ድምፅ ጠየቁ።

«በይ እንግዲህ መንገዱን ንገሪኝ። ከገበያው ጀርባ በየት ነው የሚታጠፈው? በሩ ምን ይመስላል? ልንወስድሽ ስንመጣ እንዳንስትሽ።»

ጠራዧ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ገበያውን አልፈው በቀኝ በኩል፣ ልትል ነበር። ግን አንገታቸው ሥር ፊቷን ቀበረችና እንደ ልጅ አለቀሰች።